መምህር የነበሩት መሥራቾችና እኛ ዕጩ መምህራን

ስለ አፍሪካ መሥራች መሪዎች በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንደኛው ውዳሴ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ መሪዎቹ ሁሉ አባቶች፣ ነፃ አውጪዎች፣ እንከን የሌለባቸው ጀግኖች ናቸው። ሁለተኛው እርግማን ነው። በዚህኛው ደግሞ ያው ሰዎች ሥልጣን የጠማቸው፣ ወንበር ላይ የተጣበቁ፣ ሕዝባቸውን የከዱ ሆነው ይቀርባሉ። ሁለቱ ንግግሮች የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለቱም አጭርና ቀላል መሆናቸው ነው። ለሻይ ቤት ጨዋታ ይበቁ ይሆናል። ለክፍል ግን አይበቁም። እኛ ደግሞ ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል ውስጥ የምንቆም ሰዎች ነን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ ለማስተማር ልምምድ ሦስት ሆነን ወደ ደጀን ተመድበን ነበር። በዚያ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ያቀረቡልን ጥያቄ፣ ያረፍንበት ቤት ባለቤት አዛውንትም የተናገሩን ቃል፣ እስከ ዛሬ ከአእምሯችን አልወጣም። ጥያቄውን ብቻችንን ይዘን ከምንብሰለሰል ከእናንተ ጋር ብናየው ይሻላል ብለን እነሆ ጽፈናል። አንባቢ እንዳይደናገር የአፍሪካን ጉዳይ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ጉዳይ በራሳችን አቆጣጠር ማስፈራችንን አስቀድመን እናሳስባለን።

እንደሚታወቀው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ፣ የነፃ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። ይህ ፊርማ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ከጉባኤው በፊት አገሮቹ በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር። የካዛብላንካ ቡድን የሚባሉት ፈጣንና ጠንካራ አንድነት ይፈልጋሉ፤ የሞንሮቪያ ቡድን የሚባሉት ደግሞ ቀስ በቀስ፣ በመተባበር እንጀምር ይላሉ። ሁለቱን ወገን አንድ አዳራሽ ውስጥ ለማስቀመጥ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ በተለይም የያኔው የውጭ ጉዳይ ኃላፊ አቶ ከተማ ይፍሩ፣ ብዙ አገር ለአገር ዞረው ደክመዋል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከማንም ጎራ ሳይሆኑ በመሐል ቆመው ጉባኤውን አስተናገዱ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ስሜት ደስታ ብቻ አልነበረም። ከአራት ወራት በፊት፣ በጃንዋሪ 1963፣ የቶጎው ፕሬዚዳንት ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ በወታደሮች ተገድለዋል። ስለዚህም ቶጎ በጉባኤው ሳትካፈል ቀረች፤ የፖለቲካ ግድያን የሚያወግዝ ቃልም በቻርተሩ ውስጥ ገባ። እንግዲህ መሥራቾቹ ቤቱን ሲሠሩ እሳቱ ቀድሞ ይታያቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ለተማሪ መንገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መሥራቾቹ በሰላም ጊዜ ተረጋግተው ያሰቡ ሰዎች ሳይሆኑ እየሮጡ የሠሩ ሰዎች እንደነበሩ ያስረዳልና።

አሁን ወደ እኛው ሙያ እንምጣ። የትምህርት ዕቅዳችንን ለማዘጋጀት የመሪዎቹን የሕይወት ታሪክ ስናገላብጥ አንድ ነገር አስገረመን። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ እኮ መምህራን ናቸው!

የጋናው ክዋሜ ንክሩማ አክራ በሚገኘው የመንግሥት መምህራን ማሠልጠኛ፣ በኋላ አቺሞታ በተባለው፣ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1930 ከተመረቁ በኋላ ሕፃናትን አስተምረዋል። የታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬ ማኬሬሬ ተምረው በታቦራ ከዚያም በፑጉ አስተማሩ። የዛምቢያው ኬኔት ካውንዳ መምህር ነበሩ። የሴኔጋሉ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር በፈረንሳይ አገር ለፈረንሳይ ልጆች ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። የማሊው ሞዲቦ ኬይታና የኒጀሩ ሃማኒ ዲዮሪ ደግሞ ሁለቱም ሴኔጋል ውስጥ ከነበረው ከዊልያም ፖንቲ ትምህርት ቤት የወጡ መምህራን ናቸው። ዊልያም ፖንቲ ማለት ፈረንሳዮች ለምዕራብ አፍሪካ መምህራን የሚያሠለጥኑበት ቤት ነው። በሌላ አነጋገር እንደ እኛው ያለ ተቋም ነው። ከአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ሁለት አገር የመሠረቱ ፕሬዚዳንቶች ወጡ ቢባል ማን ያምናል?

ታዲያ ለምን መምህራን? ምክንያቱ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። ቅኝ ገዢዎች ለአፍሪካዊ ወጣት የከፈቱት በር ጠባብ ነበር፤ ወይ ጸሐፊ፣ ወይ አስተርጓሚ፣ ወይ የሐኪም ረዳት፣ ወይ መምህር ነው። ከነዚህ ውስጥ በየገጠሩ ተመድቦ የሚኖር፣ የገበሬውን ልጅ በስም የሚያውቅ፣ ደብዳቤ የሚያነብ፣ አቤቱታ የሚጽፍ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር የለመደ መምህሩ ነው። ነፃነት የሚለውን ቃል ከከተማ ወደ ገጠር ለማድረስ ከመምህር የተሻለ መልእክተኛ አልነበረም።

ከሁሉም ይልቅ የኔሬሬ ነገር ልባችንን ነካው። እ.ኤ.አ. በ1954 ታኑ የተባለውን ፓርቲ ሲመሩ ገና ደመወዝተኛ መምህር ነበሩ። በዓመቱ ከማስተማርና ከፖለቲካ አንዱን ምረጥ ተባሉ። ማስተማሩን ትተው ወጡ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ስሙን አልተወላቸውም፤ ፕሬዚዳንት ከሆኑም በኋላ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ «ምዋሊሙ» ይባሉ ነበር። በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ክቡርነትዎ ከመባል መምህር መባል የበለጠበት አገር አለ ማለት ነው! በየመንደሩ «አይ መምህርነት! እንጀራ የለው» እየተባልን ለምንሰማ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስቲ እንግዲህ የሠሩትን እንይ። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ነፃ ስትወጣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ዜጎቿ መቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚህ ቁጥር ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ባቡር፣ ማዕድን፣ ትምህርት ቤት ማስኬድ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው። ጋና ገና በ1961 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃና ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ንክሩማ ያስገነቡት የአኮሶምቦ ግድብም በ1966 መጀመሪያ ተመርቆ መብራት ሰጥቷል። ታንዛንያ ከመቶ በላይ ቋንቋ የሚነገርባት አገር ስትሆን በስዋሂሊ አንድ ቤተሰብ ሆናለች። ኔሬሬ ራሳቸው፣ የአገር ሥራ በጀርባቸው ተጭኖ፣ የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሣር» ወደ ስዋሂሊ ተርጉመዋል።

በአንድነትም የሠሩት ቀላል አይደለም። ገና ነፃ ያልወጡትን የሚረዳው የነፃነት ኮሚቴ ዳር ኤስ ሳላም ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሞዛምቢክና አንጎላ በ1975፣ ዚምባብዌ በ1980፣ ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጡ፤ በ1994 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ተላቀቀች። ኔልሰን ማንዴላ ራሳቸው በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ የወታደር ሥልጠና እንደወሰዱ ይታወቃል። በ1964 ካይሮ ላይም መሪዎቹ በነፃነት ቀን የነበረው ወሰን ይከበር ብለው ወሰኑ። ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም። ውሳኔው ጦርነትን ሁሉ ባያስቀርም ብዙ የወሰን ጠብ እንዳይነሣ አድርጓል የሚሉ አሉ፤ የቅኝ ገዢን ካርታ አጸደቁት የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ወደ ሌላው ገጽ ስንገለብጥ ግን ፊታችን ይጠቁራል። ጋና ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ በ1958፣ ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ። ለጋና ነፃነት ከንክሩማ በፊት የታገሉት ጄ. ቢ. ዳንኳ በ1965 እስር ቤት ሞቱ። ታንጋኒካም በ1962 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ በ1965 አንድ ፓርቲ ብቻ ቀረ። ከ1973 ጀምሮ የታንዛንያ ገበሬ ቤቱን ለቆ በመንደር እንዲሰፍር ሲደረግ፣ በፈቃድ የተጀመረው ነገር በግዴታ ሆነ፤ እምቢ ያለው ተገፍቶ ሄደ። የመንደር ምሥረታ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም፤ ወላጆቻችን ያውቁታል።

ከሁሉ የሚከብደው የዲያሎ ቴሊ ታሪክ ነው። ዲያሎ ቴሊ የጊኒ ሰው ሲሆኑ ከ1964 እስከ 1972 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ በመሆን አዲስ አበባ ላይ ሠርተዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሚኒስትር ሆኑ። በ1976 በፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ትእዛዝ ታሰሩ። በ1977 ካምፕ ቧሮ በተባለው እስር ቤት ምግብና ውሃ ተከልክለው ሞቱ። ሴኩ ቱሬ ማለት ከቻርተሩ ፈራሚዎች አንዱ ናቸው። የፖለቲካ ግድያን የሚያወግዘው ወረቀት ላይ የፈረመ እጅ የወረቀቱን ጠባቂ አስሮ ገደለ። ድርጅቱስ ምን አለ? በአባል አገር የውስጥ ጉዳይ አልገባም የሚል አንቀጽ ስለነበረው ዝም አለ።

የመሪዎቹም ፍጻሜ እንደ ሥራቸው የተለያየ ነው። ንክሩማ በ1966 ወደ ሃኖይ ጉዞ ላይ ሳሉ በወታደሮች ተገለበጡ፤ በ1972 በስደት፣ ቡካሬስት ላይ አረፉ። ሞዲቦ ኬይታ በ1968 ተገልብጠው በ1977 በእስር ላይ ሞቱ። በአንጻሩ ሴንጎር በ1980 መጨረሻ፣ ኔሬሬ በ1985 በገዛ ፈቃዳቸው ወረዱ። ካውንዳ ለ27 ዓመት ከገዙ በኋላ በ1991 ምርጫ ተሸነፉና እሺ ብለው ወጡ፤ በ2021 በ97 ዓመታቸው ሞቱ።

ይህን ሁሉ ስናነብ የኛን አገር ጉዳይ ጎን ትተን አልነበረም። ኢትዮጵያ በቅኝ አልተገዛችም፤ ስለዚህ በጋና ትርጉም «መሥራች» የላትም። የአፍሪካ ድርጅት መሥራች ግን አላት፤ ያም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ደጀን ላይ ደግሞ ይህ ነገር ከመጽሐፍ ወጥቶ ቤት ውስጥ ገባ።

ደጀንን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከተማዋ የዓባይ በረሃ አፍ ላይ ያለች ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ጎሃ ጽዮንን አልፎ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እያቃሰተ ሽቅብ ወጥቶ መጀመሪያ ትንፋሽ የሚሰበስበው ደጀን ላይ ነው። ወሬም እንደዚሁ ነው፤ የመሐል አገር ወሬ ጎጃም የሚገባው በዚያ በር ነው። የተከራየንበት ቤት ባለቤት አዛውንት የተወለዱት ሞጣ አካባቢ ነው። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ የምናጠናውን ይጠይቁን ነበር። አንድ ማታ ስለ አፍሪካ አንድነት ድርጅት መሆኑን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ እናንተ የምታነቡት ጃንሆይ የአፍሪካ አባት ናቸው። ደግ። እኔ በልጅነቴ የማውቃቸው ጃንሆይ ግን በስድሳ ዓመተ ምሕረት አውሮፕላን የሰደዱብን ናቸው። እረኛ ነበርኩ። ከብቶቹ ሲበረግጉ አይቻለሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው እንዴ?»

«አዎ አባባ፣ አንድ ሰው ናቸው» አልናቸው።

«እንግዲያ ሁለቱንም ጻፉ» አሉና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ሽማግሌው የተናገሩት በታሪክ የተጻፈ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬ ግብሩን ብቻ ሳይሆን ከግብሩ ጋር የሚመጣውን ልኬታ ፈራ፤ መሬት ከተለካ ርስት ይነጠቃል ብሎ አሰበ። በደጋ ዳሞት፣ በሞጣና በሌሎችም አካባቢዎች ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ይህ የሆነው የአንድነት ቻርተር ከተፈረመ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ይኸው ሰው ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አቋቋሙ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ለኬንያ፣ ለኡጋንዳ፣ ለታንጋኒካ ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥተው አዲስ አበባ አስተማሩ። በቤተ መንግሥታቸው ግቢ ያስተማሯቸው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ተነሡባቸው፤ የወሎ ረኃብ ተሸፈነ ተብሎ ቁጣው ነደደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። በ2011 ዓ.ም. ሐውልታቸው በአፍሪካ ኅብረት ግቢ፣ በ2004 ዓ.ም. ከቆመው ከንክሩማ ሐውልት ጋር ጎረቤት ሆኖ ቆመ። የሞጣው እረኛና የሐውልቱ ቀራጭ ስለ አንድ ሰው ነው የሚናገሩት።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ ጥያቄ እንግባ። ከመካከላችን አንዱ ለስምንተኛ ክፍል ሲያስተምር ሁለታችን ከኋላ ተቀምጠን እንመዘግብ ነበር። መሥራቾቹ መምህራን እንደነበሩ በኩራት ተነገረ። ስለ ዲያሎ ቴሊም ባጭሩ ተወሳ። አንዲት ተማሪ እጅዋን አወጣች። ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «መምህር፣ ራሳቸው መምህራን ከነበሩ፣ የሚጠይቃቸውን ሰው ለምን ያስራሉ?»

መልሱ በማግስቱ እንዲሰጥ ተባለና ክፍለ ጊዜው አለቀ። ማታ ሦስታችን ተከራከርን። አንዳችን «ልጆቹ ከፊታቸው ፈተና አለባቸው። በመጽሐፉ ያለውን እናስተምር፤ መሪ መክሰስ የእኛ ሥራ አይደለም» አለ። ሌላችን «ዝም ካልን እኛም እንደ ድርጅቱ በውስጥ ጉዳይ አልገባም አልን ማለት ነው» ብሎ መለሰ። ሦስተኛችን «ጥያቄዋ እኮ ማን አሰረ አይደለም፤ ለምን አሰረ ነው። ለምን የሚለውን ሳንመልስ ወቀሳውን ብናወርደው ውዳሴውን ካወረደው ሰው በምን እንለያለን?» አለ። በመጨረሻ የተስማማነው በሦስተኛው ሐሳብ ነው።

ታዲያ ለምን? እስከ እኩለ ሌሊት ያወጣን ያወረድነውን ባጭሩ እናቅርብ።

አንደኛ፣ የተረከቡት ቤት የሌላ ሰው ቤት ነበር። የቅኝ ግዛት መንግሥት የተሠራው ሕዝብ ለማማከር ሳይሆን ግብር ለመሰብሰብና ጸጥታ ለማስከበር ነው። ያለ ፍርድ ማሰርን የፈጠሩት እነሱ አይደሉም፤ ንክሩማም ካውንዳም ራሳቸው በእንግሊዞች እስር ቤት ከርመዋል። ያሰራቸውን ቁልፍ ሲረከቡ ግን አልጣሉትም፤ ኪሳቸው ከተቱት። ይህ ምክንያትን ያስረዳል እንጂ ይቅርታ አይሆንም፤ ቁልፉን መጣል ይቻል ነበርና።

ሁለተኛ፣ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ኦሊምፒዮ ተገድለዋል። የኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባ ገና በ1961 ተገድለዋል። ውጭ ኃይሎች እጃቸውን ያስገቡ ነበር። ነገር ግን ተቃዋሚን ሁሉ የውጭ ጠላት ተላላኪ ማለት ሲለመድ፣ እውነተኛው ጠላትና እውነቱን የሚናገረው ወዳጅ አንድ ላይ ታሰሩ።

ሦስተኛ፣ ይህችኛዋ ወደ እኛ የምትመጣ ናት፤ «አባት» መባል ነው። አገር ትልቅ ቤተሰብ ነው፣ መሪው አባት ነው ከተባለ ዜጋው ልጅ ሆኖ ይቀራል። ልጅ ደግሞ አባቱን አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም «ባለጌ» ይባላል። እነዚህ ሰዎች መምህራን ነበሩ ብለናል። እኛን ያሳሰበን ምናልባት ከክፍላቸው ይዘው የወጡት መልካሙን ብቻ ባይሆንስ የሚለው ነው። ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ሰው የሚናገርበት፣ ሌላው ሁሉ እጁን አጣጥፎ የሚሰማበት ክፍል፣ ትልቅ ሲሆን አንድ ፓርቲ ያለው አገር ይሆናል። እስቲ ክፍሎቻችንን እናስታውስ። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል። ሰባ ልጅ ባንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። አንዱም አልገባው ይሆናል። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ድምፅ የሚገኝበት ምርጫ የተጀመረው ከዚህ አይደለም ትላላችሁ?

በማግስቱ በክፍሉ ያደረግነው ይህ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ ተሠመረ፤ አንዱ «የሠሩት»፣ ሌላው «ያጠፉት»። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንዲሞሉት ተደረገ። ሦስቱ ምክንያቶችም ተነገሩ፤ ማንኛው ይበልጥ እንደሚያሳምን እንዲከራከሩ ተተዉ። ከወደ ኋላ የተቀመጠ ልጅ ሁለቱን ዓምድ ካየ በኋላ «ሦስተኛ መሥመር ይጨመር» አለ። ምን የሚል ሲባል «ሳይጨርሱት የሞቱት» አለ። ተጨመረ። በዚያ ዓምድ ሥር ልጆቹ ያጻፉት ከሁለቱ ይበልጥ ረዘመ፤ አንድነት፣ ሁሉ ልጅ መማር፣ በፈቃድ ከሥልጣን መውረድ፣ ያለ ፍርድ አለመታሰር፣ ረኃብ እንዳይደበቅ። ጠያቂዋ ልጅ መልሱ አልጠገባትም መሰል «ቢሆንም ቁልፉን መጣል ነበረባቸው» ብላ ተቀመጠች። እኛም አልተከራከርናትም።

ያ ሦስተኛ ዓምድ ስለ ውርስ ያለንን አስተሳሰብ ለወጠው። እኛ አገር ውርስ ሲባል መሬት፣ በሬ፣ ወይም ዕዳ ነው። ወራሽ በሬውን ተቀብሎ ዕዳውን አላውቅም ማለት አይችልም፤ ባላገር ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከመሥራቾቹም የወረስነው እንዲሁ ነው። ግድቡና ትምህርት ቤቱ የኛ ነው። የእስር ቤቱም ነገር የኛው ዕዳ ነው። ያላለቀው ሥራ ደግሞ ድርሻችን ነው።

ራሳቸው መሪዎቹም እኮ ሁልጊዜ ባንድ ቦታ ቆመው አልቀሩም። በ1963 ንክሩማ አሁኑኑ አንድ መንግሥት እንሁን ሲሉ ኔሬሬ ደረጃ በደረጃ ይሁን ብለው ተከራክረዋቸዋል፤ በካይሮም ተነካክተዋል። ኔሬሬ በ1997 ለጋና 40ኛ የነፃነት በዓል አክራ ተገኝተው በተናገሩ ጊዜ ግን የንክሩማን የአንድነት ትግል አክብረው አነሡ፤ የእነሱ ትውልድ በዚህ ረገድ ያልፈጸመውንም ሳይሸፍኑ ተናገሩ። ሽማግሌ ሆኖ በሕዝብ ፊት ይህን ማለት ከመምህር የሚጠበቅ ነው። ጋናውያንም ብልኅ ናቸው። አክራ በሚገኘው የንክሩማ መታሰቢያ ግቢ ውስጥ ትልቁ አዲሱ ሐውልት አለ፤ በዚያው ግቢ በ1966 የተሰበረው፣ ራሱ የተቆረጠው አሮጌው ሐውልትም አለ። ተማሪ ሲጎበኝ ሁለቱንም ያያል። «ሁለቱንም ጻፉ» ካሉት የደጀኑ አዛውንት ጋር ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል።

ኔሬሬ በ1967 «ትምህርት ለራስ መቻል» በሚል የጻፉት ሐሳብም ዛሬ ለደጀን ይሠራል። ትምህርት ጥቂቶችን ለይቶ ከመንደራቸው የሚያስኮበልል፣ የቀሩትን ብዙዎች ደግሞ ወደቃችሁ ብሎ የሚያሳፍር መሆን የለበትም የሚል ነው። ያስተማርናቸው ልጆች ብዙዎቹ ዓይናቸው የዓባይን ቁልቁለት በሚወርደው መኪና ላይ ነው። መሄዳቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ያንን ጥቁር አፈርና ያንን ነጭ ጤፍ የሚያመርት አባታቸውን እንዲንቁ አድርገን ከሰደድናቸው ያጠፋነው እኛ እንሆናለን። የኔሬሬ መንደር ምሥረታ ስላልተሳካ ይህ ሐሳባቸውም አብሮ ይጣል ማለት ከእህሉ ጋር እንክርዳዱን ሳይሆን ከእንክርዳዱ ጋር እህሉን መድፋት ነው።

ውድ ሰልጣኞችና መምህራኖቻችን፣ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የደረስንበትን ሐሳብ እናቅርብ። አንደኛ፣ ስለ መሪ ስናስተምር ያለ ዓመተ ምሕረትና ያለ ሥራ አናወድስ፤ ያለ ዓመተ ምሕረትና ያለ ሥራም አንርገም። ሁለተኛ፣ በተመደብንበት መንደር የመጽሐፉን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ጋር እናመሳክር፤ መጽሐፉ የማያውቀውን እረኛ ያውቃል፣ እረኛው የማያውቀውንም መጽሐፉ ያውቃል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ተማሪ ሲጠይቀን አንቆጣ። ብዙዎቻችን የምንመደበው መብራት እንኳ በሌለበት ገጠር ነው። እዚያ መምህር ማለት መንግሥትም፣ ዳኛም፣ ጋዜጣም ነው። ማንም አይቆጣጠረንም። ሰባ ልጅ ያላት ትንሽ አገር እንረከባለን፤ ከበትሩ ጋር። ቁልፉን ኪሳችን እንከተው ወይስ እንጣለው የሚለው ጥያቄ የንክሩማ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደጀን ላይ ያች ልጅ ቆማ ጠየቀች፤ ማንም አልገሠጻትም። ከዚያ ክፍል ምናልባት አንድ ቀን ሹም የሚሆን ልጅ ይወጣ ይሆናል። ሹም ሆኖ ሲጠየቅ፣ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ካወቀ፣ ያንን ያወቀው ስምንተኛ ክፍል ሳለ ነው እንላለን። የመምህር ሥራ ፍሬው ዘግይቶ ነው የሚታየው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ፣ ወይም ከሦስቱ ምክንያቶች አራተኛ የሚጨምር ካለ፣ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ እንጠይቃለን። መምህራኖቻችንም ቢሆኑ እርማት ካላቸው በቀይ እስክሪብቶ እዚሁ ወረቀቱ ላይ ይጻፉልን፤ ደስ ይለናል።